የበለዘው የልጄ ጥርስና የጉድጓዳችን ውሃ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው በመቂና በዓለም ጤና መካከል ባለች ቀበሌ ነው። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከደብረ ብርሃን ወደዚህ ከመጣን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ስንመጣ ስድስት ዓመቷ የነበረችው የመጀመሪያ ልጄ ጥርሷ ነጭ ነው። እዚሁ የተወለደውና ስምንት ዓመት የሞላው ወንዱ ልጄ ግን የወተት ጥርሱ ወልቆ የበቀሉት የፊት ጥርሶቹ በልዘዋል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ጀምሯል። አማቴ ‹እንደ እህቱ ስለማያጸዳ ነው፤ አንቺም አልተከታተልሽውም› ይሉኛል። በከሰልና በጨው አሻሸሁት፣ ሎሚም ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። የቦኖ ውሃችን ፍሎራይድ አለበት ስለሚባል አፍልቼ ውሃ አጋር እጨምርበታለሁ። የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ 3.8 የሚል የምርመራ ወረቀት አሳይቶኝ ነበር፤ ትርጉሙን ግን አላስረዳኝም። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ፍሎራይድ ለጥርስ ጥሩ ነው ብላ የጥርስ ሳሙናና ለሕፃን የሚሰጥ የፍሎራይድ ጠብታ ልካልኛለች፤ ሰሞኑን ደግሞ ‹እዚህም እየከለከሉት ነው› አለችኝ። ሰባት ወር የሆናት ሕፃን አለችኝ። ለእሷ ምን ላድርግ? አካባቢውን መልቀቅ ይኖርብናል?»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣

ደብዳቤዎ ውስጥ ብዙ ጥያቄ ተደራርቧል። እኔ ግን የምጀምረው በጥያቄ መልክ ካላቀረቡት ነገር፣ ከአማትዎ ወቀሳ ነው፤ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ የሚፈታው የእሱ መልስ በትክክል ሲታወቅ ነው። የልጅዎ ጥርስ የበለዘው ስላላጸዳ አይደለም፤ እርስዎም ስላልተከታተሉት አይደለም። ቋሚ ጥርስ ከድድ ወጥቶ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት መንጋጋ ውስጥ ሆኖ ይሠራል። የፊት ጥርሶች ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የላይ ሽፋናቸው፣ መሠራት የሚጀምረው ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሆን የሚጠናቀቀውም ልጁ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። በዚህ ጊዜ ልጁ ፍሎራይድ የሚባለውን፣ ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባ ማዕድን ከመጠን በላይ ከወሰደ ኢናሜሉ በሚገባ ሳይጠነክር ይቀራል፤ ጥርሱ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ሲበቅልም ነጭ ደብዛዛ መስመር፣ ቢብስ ቡናማ ቀለም፣ ከዚያም ሲያልፍ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይዞ ይወጣል። የጥርስ ፍሎሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። እርስዎ ዛሬ የሚያዩት ብልዝ እንግዲህ ልጁ ገና ድክ ድክ ሲል የጠጣው ውሃ ውጤት ነው።

የሁለቱ ልጆችዎ ልዩነትም ይህንኑ ያስረዳል። ልጅዎ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ስድስት ዓመቷ ስለነበር የፊት ጥርሶቿ ገና ከድድ ባይወጡ እንኳ ውስጥ ለውስጥ ተሠርተው አብቅተው ነበር፤ ስለዚህ ለዘጠኝ ዓመት ያንኑ የቦኖ ውሃ ብትጠጣም ቀለማቸውን አልለወጠውም። በስድስት ዓመቷ ገና በመሠራት ላይ የነበሩት በተለይ ከኋላ ያሉት ሁለተኛዎቹ የመንጋጋ ጥርሶቿ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐይ ወዳለበት በር አቁመዋት አፏን በሰፊው እንድትከፍት ይንገሯትና የኋላዎቹን ይመልከቷቸው፤ ነጣ ያለ ደብዛዛ ጥላ ሊያገኙባቸው ይችላሉ። ካገኙ አማትዎንም ይጥሯቸውና ያሳዩአቸው። ይቺው ጥርሷን በደንብ ታጸዳለች የሚሏት ልጅ ናት፤ ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ሳያሳምናቸው አይቀርም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ከሰሉን፣ ጨውንና ሎሚውን ዛሬውኑ ይተዉ። ብልዙ በጥርሱ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ሳይሆን የጥርሱ የራሱ አካል ስለሆነ በመፈግፈግ አይለቅም፤ ሎሚ በአሲድነቱ፣ ከሰልና ጨው ደግሞ በሸካራነታቸው፣ ያለውንም ደካማ ኢናሜል እየሸረሸሩ ጥርሱን ይበልጥ ያስጎዱታል።

አሁን ወደ 3.8 እንምጣ። ይህ ቁጥር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 3.8 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃም ያንኑ ይከተላል። የእናንተ ጉድጓድ ከጣሪያው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ወደ ልጅ አካል ስንመልሰው የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1.3 ሚሊግራም፣ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ላለው ደግሞ ከ2.2 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወሰን አስቀምጧል። ከቦኖው የተቀዳ አንድ ተራ ብርጭቆ ውሃ ብቻውን ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ ፍሎራይድ ይይዛል። ልጅዎ በሞቃት ቀን ሮጦ ገብቶ ሦስት ብርጭቆ ቢጠጣ፣ ሽሮው የተሠራበትን፣ እንጀራው የተቦካበትንና ሻዩ የፈላበትን ውሃ ሳንቆጥር፣ ወሰኑን አልፏል።

ውሃው ይህን ያህል ፍሎራይድ ከየት አመጣ? ከስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ነው። ከአዋሽ ተፋሰስ ጀምሮ በመቂ፣ በባቱ፣ በቡልቡላና በሻሸመኔ አልፎ እስከ ሐዋሳና ከዚያም ወዲያ ያለው ምድር ከእሳተ ገሞራ በወጣ አመድና ድንጋይ የተሞላ ነው። ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሰርግ፣ በተለይም ከመሬት ሙቀት ጋር ሲገናኝ፣ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። በደጋው ውሃ ውስጥ ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል፤ የስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ካልሲየም ስለሚያንሰውና ሶዲየም ስለሚበዛበት የሚይዘው የለም። ከእናንተ በስተደቡብ ያሉት አቢያታና ሻላ ሐይቆች በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ የተለካባቸው ናቸው። ከክፋቱ ሁሉ የከፋው ፍሎራይድ ሽታም፣ ጣዕምም፣ ቀለምም የሌለው መሆኑ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ወጥቶ ኩልል ብሎ የሚወርደው ውሃ ለዓይን ከደፈረሰው የወንዝ ውሃ ይልቅ ንጹሕ ነው። ከጀርም አንጻር ከታየ እውነትም የተሻለ ነው፤ ሰውን ያዘናጋውም ይኸው ነው።

የወንጂን ታሪክ የማነሣልዎ ላስፈራራዎ አይደለም። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ሠራተኞቹ ከጉድጓድ የሚጠጡት ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከጣሪያው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ አንገታቸውና ወገባቸው የደረቀ፣ ጎንበስ ቀና ማለት ያቃታቸው ሠራተኞች ለሐኪሞች መታየት ጀመሩ። የአጥንት ፍሎሮሲስ የሚባለው ይህ ነው፤ የሚመጣውም በሊትር ከ3 እስከ 6 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ያለበትን ውሃ ለረጅም ዘመን ሲጠጡ ነው፤ አካል የሚያጎብጠው ከባዱ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም በላይ ባለበት ቦታ ይታያል። የእናንተ 3.8 እንግዲህ ዛሬውኑ የሚያጎብጥ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን ለልጆቹ ጥርስ ብቻ ሳይሆን ለእርስዎና ለባለቤትዎ አጥንትም ሲባል ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ችላ የሚባል አይደለም።

የሚያፈሉት ውሃ ምን እንደሚሆን ደግሞ ያስቡት። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን አይተንም። የሚተነው ውሃው ነው። ሁለት ሊትር ውሃ እየፈላ ወደ አንድ ተኩል ሲወርድ ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር 3.8 የነበረው ወደ 5 ይጠጋል፤ እርስዎ ለልጆቹ ደኅንነት ሲሉ የለፉበት ውሃ ከቦኖው የባሰ ሆነ ማለት ነው። ውሃ አጋርን፣ ማለትም ክሎሪኑን፣ አይተዉ፤ ለጀርም ያስፈልጋል፤ ለፍሎራይድ ግን ምንም አያደርግም። የሸክላም ሆነ የአሸዋ ማጣሪያ እንዲሁ ነው። ክሎሪኑን እስከተጠቀሙ ድረስ ማፍላቱን ማቋረጥ ይችላሉ።

ለሰባት ወሯ ሕፃን የሚሆነውን በዝርዝር እነግርዎታለሁ፤ ምክንያቱም ያለዎት ገንዘብም ጉልበትም መጀመሪያ መዋል ያለበት ለእሷ ነው። የወንዱ ልጅ የፊት ጥርሶች ተሠርተው አልቀዋል፤ የእሷ ግን ገና አሁን መሠራት ላይ ናቸው፤ ከፊቷ ያሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስጊዎቹ ናቸው። ደስ የሚለው፣ እስካሁን ጡት ሲያጠቧት ከቆዩ በቂ ጥበቃ አግኝታለች፤ እናት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ነው። እስከ ሁለት ዓመቷ ማጥባትዎን ይቀጥሉ። አደጋው የሚገባው ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር፣ በምጥን ገንፎው፣ በአጥሚቱና በሾርባው በኩል ነው፤ የዱቄት ወተት በቦኖ ውሃ በጥብጦ መስጠትም ከሁሉ የባሰው ነው። ሕፃኗ ለመጠጥና ለምግቧ በቀን ከሁለት ሊትር ብዙም የማይበልጥ ውሃ ይበቃታል። ይህን ያህሉን ከሌላ ምንጭ ማምጣት ይቻላል።

ከየት? ሃይላንድ መግዛት አንዱ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የታሸገ ሁሉ ፍሎራይድ የለውም ብለው አይመኑ፤ ከጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው የፍሎራይዱ መጠን ከ1 ሚሊግራም በታች የሆነውን ይምረጡ። ለእኔ ግን ከሁሉ የተሻለውና በአካባቢያችሁ ያላግባብ የተናቀው የዝናብ ውሃ ነው። ዝናብ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ሃያ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 100 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ የሚፈሰውና የሚረጨው ተቀንሶ እንኳ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። 500 ሊትር የምትይዝ አንዲት ሮቶ ክረምቱን ከሞላች፣ በቀን ሦስት ሊትር እየቀዱ ከአምስት ወር በላይ ያደርስዎታል። ጣሪያው ዝገት የበላው ወይም ቀለም የተቀባ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ከበጋው በኋላ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥበው ይሂዱ ብለው ይልቀቋቸው፤ ሮቶዋን በደንብ ከድነው፣ አፏን በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው፣ ሲቀዱ ውሃ አጋር ይጨምሩበት።

ለቀረው ቤተሰብ የዝናቡ ውሃ ካልበቃ ቀላቅለው መጠቀም ይችላሉ። አንድ እጅ የቦኖ ውሃ በሦስት እጅ የዝናብ ውሃ ሲቀላቀል 3.8 ለአራት ተካፍሎ በሊትር 1 እንኳ የማይሞላ ይሆናል፤ እኩል ለእኩል ቢቀላቅሉ ግን 1.9 ስለሚሆን አሁንም ከጣሪያው በላይ ነው። ስለዚህ በቤትዎ ሁለት ዓይነት ጀሪካን ይኑር፤ አንደኛው ወደ አፍ ለሚገባው ሁሉ፣ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥና ለሻይ፤ ሌላው ለልብስ፣ ለገላና ለዕቃ አጠባ። ፍሎራይድ በቆዳ በኩል ስለማይገባ ለእጥበቱ የቦኖውን ውሃ ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት። ሻይን ካነሣን ደግሞ ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ከአፈር እየሳበ የሚያከማች ተክል ነውና፣ ለትንንሽ ልጆች ዳቦ በሻይ መስጠትን በወተት ይተኩት፤ ወተት የራሱ ፍሎራይድ ዝቅተኛ ከመሆኑም በላይ ካልሲየሙ ከሌላው ምግብ የመጣውን ፍሎራይድ እየያዘ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል።

ማጣሪያን በተመለከተ ፍሎራይድ የሚቀንሱ የታወቁ ዘዴዎች አሉ። በወንጂ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሉሚና የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር፤ ከህንዷ ናልጎንዳ ስሙን ያገኘው ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ውስጥ በጥብጦ ማዝቀጥ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ በመንደርና በቤተሰብ ደረጃ ተሞክሯል። ሦስቱም ይሠራሉ፤ ሦስቱም ግን ልኬት ይፈልጋሉ። አጥንቱ የሚቃጠልበት ሙቀት ካነሰ ውሃውን ያሸተዋል፣ ከበዛ መያዙን ያቆማል፤ ማጣሪያውም ሲጠግብ ያስገባነውን ውሃ እንዳለ መልሶ ይሰጠናል፣ መጥገቡንም በዓይን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ጎረቤት ነግሮዎት በጓሮ አጥንት እንዳያቃጥሉ፣ ኖራም በግምት እንዳይበጠብጡ። በባለሙያ የተሠራና በየጊዜው የሚመረመር ማጣሪያ በአካባቢዎ ካለ ይጠቀሙበት። አንዳንዶች በአጥንት የተጣራ ውሃ ጾም ያፈርሳል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ይህን መመለስ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ጥያቄው ግን ሊያሳፍርዎት አይገባም፤ ማጣሪያው ተገዝቶ ሳይነካ ጥግ ላይ ከሚቀመጥ አስቀድሞ ቢጠየቅ ይሻላል።

እህትዎ የምትለው ከእኔ ጋር የሚጋጭ ሊመስልዎት ይችላል፤ አይጋጭም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1945 በሚሺጋን ግዛት ግራንድ ራፒድስ ከተማ ጀምራ ፍሎራይድ ወደ መጠጥ ውሃ መጨመሯ እውነት ነው፤ ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ከመበስበስ ስለሚጠብቅ ነው። ዛሬ እዚያ የሚጨመረው መጠን በሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው። የእናንተ ጉድጓድ ሰው ሳይጨምርበት የዚያን አምስት እጥፍ ይዟል። «እየከለከሉት ነው» ያለችውም ልክ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዩታ መጨመሩን በመከልከል የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች፣ ፍሎሪዳም ተከትላለች። እዚያ ያለው ክርክር 0.7 ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ የመርዛማ ነገሮችን ጉዳት የሚያጠናው የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምገማ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ በልጆች ላይ ከአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ደምድሟል፤ በ0.7 ላይ ግን ለመፍረድ በቂ መረጃ አላገኘም። ይህ በብዙ ልጆች ላይ በአማካይ የታየ ነገር እንጂ በአንድ ልጅ ላይ የሚነበብ ፍርድ አይደለም፤ ወንድ ልጅዎ በትምህርቱ ቢደክም ከውሃው ነው ብለው እንዳይደመድሙ። ለሕፃኗ ውሃ ለመጨነቅ ግን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

የላከችልዎትን ጠብታ ለሕፃኗ ፈጽሞ አይስጡ፤ የተሠራው ውሃቸው ፍሎራይድ ለሌለው ልጆች ነው። የጥርስ ሳሙናውን ግን አይጣሉት። ለስምንት ዓመቱ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል አድርገውለት በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሽና ይትፋው፤ አንድ ቀን ቢውጣት እንኳ ከቦኖው ግማሽ ብርጭቆ ያነሰ ፍሎራይድ ነው የያዘችው። ፍሎሮሲስ የጎዳው ጥርስ ሸካራና ቀዳዳ ስለሚኖረው ምግብ ይይዛል፣ በቀላሉም ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ማጽዳቱ ብልዙን ባያስለቅቅም ጥርሱን ያቆይለታል። ሕፃኗ ጥርስ እስክታበቅል ድድዋን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ብልዙን ሊያቀልለት የሚችለው የጥርስ ሐኪም ነው። መለስተኛውን ከላዩ በጥንቃቄ በመፋቅ፣ ከባዱን ደግሞ የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ በመሸፈን ያስተካክላል። የፊት ጥርሶቹ ገና ወጥተው ስላላለቁ ጥቂት ዓመት መታገሥ ይበጃል፤ እስከዚያ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሲሄዱ አንድ ጊዜ ያሳዩትና የጉዳቱን ደረጃ ይወቁ። በገበያ ቀን በአሲድ ጥርስ እናነጣለን የሚሉትን አያስጠጉ። ልጁንም አስቀምጠው «ይህ የውሃው ነገር ነው፤ አንተ ያጠፋኸው የለም» ይበሉት፤ ክፍሉ ውስጥ እንደ እሱ የበለዘ ጥርስ ያላቸው ልጆች እንደማይጠፉ እገምታለሁ፣ መምህሩም ይህንኑ አውቀው ለልጆቹ ቢያስረዱ መሳለቁ ይቀንሳል።

አካባቢውን መልቀቅ አለብን ወይ ላሉት፣ ለዚህ ብለው ሥራና ቤት መተው አያስፈልግም። ከዚያ ይልቅ ባለቤትዎና ሌሎች ወላጆች ተሰብስባችሁ ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱና በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ የፍሎራይድ ውጤት እንዲነገራችሁ ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ጉድጓድ 4 ሲሆን ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ከ1.5 በታች ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ከተገኘ ለአፍ የሚሆነውን ውሃ በጋሪ ማስመጣት ከማንኛውም ማጣሪያ ይረክሳል። የ3.8ቱ ወረቀት ላይ የተመረመረበትን ቀንም ይመልከቱ፤ ዓመታት ያለፉት ከሆነ ድጋሚ እንዲመረመር ያስጠይቁ።

ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ የሚጠጣው ከዚያው ቦኖ ከሆነ ደግሞ፣ ጠዋት ሲወጣ ከዝናቡ ወይም ከተቀላቀለው ውሃ አንድ ላስቲክ ሞልተው ቦርሳው ውስጥ ያኑሩለት።